በጠራራ ፀሐይ የሚሞላ ወንዝ

ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከተራራው ላይ አቧራ ይነሳል። አቧራው እንደ ደመና ሸለቆውን ይሞላዋል። ሲገለጥ ከታች የነበረው መንደር የለም።

ቦታው ስዊዘርላንድ፣ ቫሌ በሚባለው ክፍለ ግዛት ነው። መንደሯ ብላተን ትባላለች። ቀኑ ሜይ 28 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ነበር። ከመንደሯ በላይ የነበረ የበረዶ ግግር፣ ከተራራው የረገፈ ድንጋይ ሲጫነው አልቻለም፤ ተደረመሰ። ከመንደሯ ዘጠና በመቶ ያህሉ ተቀበረ። ደግነቱ 300 ያህል ነዋሪዎቿ ከዘጠኝ ቀን በፊት እንዲወጡ ተደርገዋል። የሞተው አንድ ሰው ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ናዳው በሸለቆው የሚያልፈውን የሎንዛን ወንዝ ዘጋው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደኋላ ተኛ፣ ሐይቅ ሆነ። ከናዳው የተረፉ ቤቶችን ደግሞ ይኸው ሐይቅ ዋጣቸው። ያጠራቀመው ውሃ በአንዴ ቢለቀቅስ ተብሎ፣ ከታች ያለ አንድ ግድብ የራሱን ሐይቅ ባዶ አድርጎ ጠበቀ። ደግነቱ ውሃው በናዳው ላይ ቀስ ብሎ መንገድ አበጀ።

ሎንዛ ትንሽ ወንዝ ነው። ከብላተን ብዙ ሳይርቅ ሮን ወደሚባለው ትልቅ ወንዝ ይገባል። የዛሬው ወሬያችን ስለ ሮን ነው። ይህ ወንዝ ለምን በጠራራ ፀሐይ እንደሚሞላ ከገባን ብላተንም ይገባናል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በረዶ ግግር ሲባል ምን ማለት ነው?

እኛ በረዶ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን እንክብል ነው። አልፕስ ተራሮች ላይ የሚወርደው ሌላ ነው። እንደ ተነደፈ ጥጥ እየበነነ ወርዶ ይከመራል። ከፍ ባለው ቦታ የዘንድሮው ሳይቀልጥ የከርሞው ይደረብበታል። የላይኛው የታችኛውን ይጨምቀዋል። ውስጡ ያለው አየር ይወጣል። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ሰማያዊነት ያለው ክምር ይሆናል። ግግር የሚባለው ይህ ነው።

ግግሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንቀሳቀሳል፤ በብርድ የረጋ ማር ከእንስራ ሲወርድ አስቡት። በዓይን አይታይም። ግን ይሄዳል፤ ሲሄድም ከሥሩ ያለውን አለት እየፈገፈገ ይፈጨዋል።

ሮን ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

መነሻው በስሙ የሚጠራው የሮን ግግር ነው። ፉርካ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ተነስቶ 812 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደቡብ ፈረንሳይ ላይ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል።

ጉዞው ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የቫሌ ሸለቆ ነው። በግራም በቀኝም ከራስ ዳሸን ጋር የሚፎካከሩ ተራሮች ቆመውበታል። 160 ኪሎ ሜትር ያህል በዚህ ይወርዳል። ሁለተኛው የጄኔቭ ሐይቅ ነው። በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሦስተኛው ፈረንሳይ ነው፤ ሊዮን ከተማ ላይ ሶን ከተባለ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ገብቶ መውጣቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ ዓባይ ባሕር ዳር ላይ እንደሚወጣው ነው። ሐይቆቹ ግን አይመሳሰሉም። ጣና በስፋት የጄኔቭን ሐይቅ አምስት እጥፍ ይበልጣል። የውሃውን መጠን ከጠየቃችሁ ግን የጄኔቩ ሦስት እጥፍ ይይዛል። ምክንያቱ ጥልቀት ነው። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። የጄኔቭ ሐይቅ 310 ሜትር ይወርዳል። አንዱ ሰፌድ ነው፣ ሌላው እንስራ።

ለምን በሙቀት ይሞላል?

እዚህ ላይ "በጋ" እና "ክረምት" የሚሉትን ቃላት ብንተዋቸው ይሻላል፤ እንምታታለን። የእነሱ ሞቃት ወራት የእኛ ክረምት ናቸውና። ሞቃት ወራት እና የብርድ ወራት እንበል።

ዓባይ የሚሞላው ዝናብ ሲዘንብ ነው። ዛሬ ጎጃም ላይ የወረደው ውሃ በቀናት ውስጥ ወንዙ ላይ ይታያል። የላይኛው ሮን ሌላ ሂሳብ አለው። በብርድ ወራት ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ስለሆነ ተራራ ላይ ይቀመጣል። ወንዙ ያኔ ይቀጥናል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ክምችቱ ይቀልጣል። ያኔ ሮን ይሞላል፤ አንድ ጠብታ ሳይዘንብ።

ከግግሩ አጠገብ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ለውጡ ይታያል። ጠዋት ዘለህ የተሻገርከው ጅረት፣ ከሰዓት በኋላ አያሻግርም።

ስለዚህ ተራራውን እንደ ጎተራ እዩት። በብርድ ይገባበታል፣ በሙቀት ይወጣበታል። ጎተራው ሁለት ክፍል አለው። የዓመቱ በረዶ የዓመት ቀለብ ነው። ግግሩ ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት የተቀመጠ ነው፤ የዓመቱ ቀለብ ሲያልቅ፣ ነሐሴ ላይ፣ የሚደርሰው እሱ ነው። ሰዎች ሮን ላይ የሠሩትን ማንኛውንም ነገር ተመልከቱ። ይህን የጎተራ ሰዓት ለመጠቀም፣ ለመግራት ወይም ለመቀየር የተሠራ ነው።

ውሃው ወተት የሚመስለውስ? ግግሩ የፈጨው የድንጋይ ዱቄት ነው። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ዱቄቱ ይሰክናል። ስለዚህ ጄኔቭ ላይ ሮን የሚወጣው ጠርቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ ነው። ጄኔቭ የምትኖሩ ላ ጆንክሲዮን የተባለውን ቦታ ታውቁታላችሁ። ሞን ብላን ከተባለው ተራራ በኩል የሚመጣው የአርቭ ወንዝ ደፍርሶ ከጠራው ሮን ጋር እዚያ ይገናኛል። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የካርቱምን የነጭና የጥቁር ዓባይ መገናኛ ያየ ሰው አይገርመውም።

በረዶ የከበበው ሸለቆ ውሃ እንዴት ይጠማዋል?

ይጠማዋል። ተራሮቹ በግራም በቀኝም ዝናቡን ያስቀሩታል። የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ሲዮን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ነው የሚያገኘው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል ማለት ነው። ወይንና አፕሪኮት የሚያለማ ገበሬ በዚህ አይኖርም።

ስለዚህ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምረው ከግግሩ ሥር ውሃ ጠልፈው በተራራው ወገብ ላይ አመጡት። ቦዮቹ በፈረንሳይኛ "ቢስ" ይባላሉ። በእኛ ቋንቋ የሚያስከፋ ስም ነው፣ ግን ምንም ቢስ የላቸውም። ገደል ሲያጋጥማቸው ከእንጨት የተፈለፈለ አሸንዳ አለቱ ላይ ሰቅለው ያሳልፉታል። ይህን ሲሠሩ የወደቁ ብዙ ናቸው።

ውሃው በተራ ይከፋፈላል። የማን ተራ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ በእንጨት ላይ ጭረት አድርገው ይመዘግቡ ነበር። ጥገናው እንደ ደቦ በጋራ ነው። እኔን በጣም የደነቀኝ ግን መዶሻው ነው። ቦዩ ላይ ትንሽ የውሃ መዘውር ይተክላሉ። ውሃው መዘውሩን ሲያዞር መዶሻ እንጨት ይመታል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የቦዩ ጠባቂ ተኝቶም ይሰማዋል። ድምፁ ጸጥ ካለ ውሃው ተቋርጧል ማለት ነውና ፋኖሱን ይዞ ይነሳል። የሚቀሰቅሰው ጸጥታው ነው።

ከቦዮቹ ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። በ2023 ዩኔስኮ ይህን ባህላዊ የመስኖ ጥበብ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ሜዳውን ማን ሠራው?

ዛሬ በቫሌ ብትነዱ ከወንዙ ግራና ቀኝ ሜዳ፣ አትክልት፣ ፋብሪካ፣ አውራ ጎዳና ታያላችሁ። ከ160 ዓመት በፊት ይህ ረግረግ ነበር። ወንዙ በየዓመቱ መንገድ ይቀይራል። ወባ ነበረ። ሰዉ ከሜዳው ሸሽቶ ዳገቱ ላይ ነበር የሚሰፍረው፤ ደጋውን መርጠው ቆላውን እንደሸሹት የእኛ ሰዎች።

በ1860 ከባድ ጎርፍ መጣ። ከ1863 ጀምሮ ወንዙን በሁለት ረጃጅም ካቦች መሃል አስገቡት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጠባብ ቱቦ ውስጥ ውሃ ይፈጥናል። ከፈጠነ አሸዋና ጠጠሩን ራሱ ጠርጎ ይሄዳል። ግን የተራራ ወንዝ የሚያመጣው ድንጋይ አያልቅም። እያደር የወንዙ ወለል ከፍ አለ። ከ1930 እስከ 1960 ድረስ ሁለተኛ ጊዜ ካቡን አጠናከሩ፣ ከፍም አደረጉ።

ውጤቱን አስቡት። በአንዳንድ ቦታ ወንዙ ከጎኑ ካለው ሜዳ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ካቡ ከያዘ ሰላም ነው። ከፈረሰ ግን ውሃው ወደ ወንዙ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ሜዳው ላይ ይተኛል። በጥቅምት 2000 የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ማስተካከያ የሚባል ሥራ ታቀደ። ርዝመቱ 162 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 3.6 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ነው። የዚህኛው ሐሳብ የቀደሙት ተቃራኒ ነው፦ ወንዙን አስፉት፣ ቦታ ስጡት። ቦታው ደግሞ ከእርሻ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ ገበሬው አኮረፈ። በ2015 ገንዘቡ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ አለፈ። ክርክሩ ግን አልበረደም። በግንቦት 2024 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ዕቅዱ ከሚያስፈልገው በላይ ተለጥጧል፣ ይከለስ አለ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ጁን 29 እና 30 ሌሊት፣ ሮን ሲየር እና ሺፒ የተባሉት ቦታዎች ላይ ሞልቶ ወጣ። ትልቅ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ውሃ ገባበት።

ግድቦቹ ከእኛ ግድብ በምን ይለያሉ?

በቁመት እንጀምር። ሮን ከሚገብሩለት ወንዞች በአንዱ ላይ ግራንድ ዲክሳንስ የሚባል ግድብ አለ። በ1961 ተጠናቀቀ። 285 ሜትር ይረዝማል። በራሱ ክብደት ውሃ ከሚይዙ የኮንክሪት ግድቦች በዓለም የሚበልጠው የለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ነው።

አሁን ውሃውን እንይ። ሕዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ግራንድ ዲክሳንስ 400 ሚሊዮን። 185 እጥፍ ልዩነት ነው! ታዲያ ይህን ያህል ግንብ ለዚህች ውሃ?

መልሱ ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኘው ከሁለት ነገር ነው፦ ከምን ያህል ውሃ ወረደ እና ከምን ያህል ከፍታ ወረደ። አንድ ጀሪካን ውሃ ከወንበር ላይ ብትለቁት እና ከአሥራ አራት ወንበር ድርድር ላይ ብትለቁት ጉልበቱ አሥራ አራት እጥፍ ይለያያል። ሕዳሴ ላይ ውሃው የሚወርደው 130 ሜትር ገደማ ነው። ከግራንድ ዲክሳንስ ወደ ቢየድሮን ማመንጫ ውሃው 1,883 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። በሰከንድ 75 ሜትር ኪዩብ ውሃ ብቻ ተጠቅሞ ከ1,200 ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫል። ውሃውን የሚያመጣለት ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ነው። ከ35 ግግሮች ቅልጥ ይሰበስባል፤ ዜርማት ከተባለው ሌላ ሸለቆ ሳይቀር።

አጠቃቀሙም እንደ ጎተራ ነው። ሐይቁ ከሰኔ ጀምሮ ይሞላል፣ መስከረም ላይ ጢም ይላል። ከዚያ ስዊዞች ማሞቂያ በሚያበሩበት በብርድ ወራት እየተለቀቀ ሚያዝያ ላይ ባዶ ይሆናል። የሙቀቱን ውሃ ለብርዱ ማቆየት፣ የጎተራውን ሰዓት መገልበጥ ማለት ነው።

ሁሉም በሰላም አልተሠራም። በኦገስት 1965 ማትማርክ የተባለ ግድብ ሲሠራ ከላይ ያለው ግግር ተገንጥሎ በሠራተኞቹ ሰፈር ላይ ወረደ። 88 ሰው ሞተ። ከግማሽ በላዩ ለሥራ የመጡ ጣሊያናውያን ነበሩ። በዲሴምበር 2000 ደግሞ ወደ ቢየድሮን የሚወርደው የብረት ቱቦ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ማመንጫው ለዓመታት ቆመ።

የብላተን ዓይነት ነገር ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል። በ1818 ባኝ በሚባለው ሸለቆ ከዠትሮ ግግር የወደቀ በረዶ ድራንስ የተባለውን የሮን ገባር ዘጋው። ከኋላው ሐይቅ ሞላ። ኢግናዝ ቬኔትስ የተባለ መሐንዲስ በረዶውን አስፈልፍሎ ውሃውን ቀስ በቀስ ለማፍሰስ ሞከረ። ከፊሉን አፈሰሰው። ቀሪው ግን ጁን 16 በረዶውን ሰብሮ ወጣ። ጎርፉ ማርቲኚ ከተማ ድረስ ወረደ፤ አርባ የሚያህሉ ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ ሁለት ነገር ቀረ። ቬኔትስ ስለ ግግር ሲያጠና ቆይቶ፣ ድሮ አውሮፓን ሰፊ በረዶ ሸፍኗት እንደነበር ከተናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆነ። ሁለተኛው፣ በረዶው ወንዙን በዘጋበት አካባቢ በ1950ዎቹ ሰዎች ራሳቸው ግድብ ሠሩ። ሞቩዋዘን ይባላል፣ 250 ሜትር ነው። መቼም ቦታው ለግድብ እንደሚሆን ግግሩ አስቀድሞ አሳይቷል።

ወደኋላ ከሄድን ደግሞ በ563 ተራራ ተንዶ የሮን ሸለቆ ላይ ወድቋል። የጄኔቭ ሐይቅ ላይ ያስነሳው ማዕበል 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ጄኔቭን መትቷል። ባሕር የሌለው አገር ሱናሚ ማለት ነው።

ጄኔቭ ከዚህ ወንዝ ምን አገኘች?

ጃንሆይ በ1936 ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ያሉባት ከተማ ዛሬ በፖስትካርድ የምትታወቀው ሰማይ በሚወረወር ውሃ ነው። ፏፏቴው 140 ሜትር ይወጣል። ለጌጥ የተሠራ ይመስላል። መጀመሪያ ግን የደህንነት ቫልቭ ነበር።

በ1886 ከተማዋ በሮን ጉልበት ውሃ በግፊት ወደ ወርክሾፖች መላክ ጀመረች። የባለ እጅ ማሽኖች የሚዞሩት በዚህ ውሃ ነበር። ማታ ሠራተኛው ማሽኑን ዘግቶ ሲሄድ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቱቦ ሊያፈነዳ ይደርሳል። ስለዚህ ትርፉን ወደ ላይ ይለቁት ነበር። ሰዉ ወደደው። በ1891 ወደ ሐይቁ ዳር አምጥተው ጌጥ አደረጉት።

ጄኔቭ የሐይቁም በረኛ ናት። መውጫው ላይ ባለው መቆጣጠሪያ የሐይቁን ከፍታ ትወስናለች። ይህ በአንድ ወቅት ጎረቤቶችን አጣልቷል። ቮ የተባለው ክፍለ ግዛት ጄኔቭ ውሃውን እያገደች ዳርቻችንን አጥለቀለቀች ብሎ ከሰሳት። በ1884 ተስማሙ፤ የሐይቁ ከፍታ በስንትና በስንት መካከል እንደሚሆን ተጻፈ።

ፈረንሳይስ ምን አገባት?

በጣም ያገባታል። ሮን ዳር አራት የኒውክሌር ማመንጫዎች አሏት። በድምሩ 14 ሪአክተሮች ናቸው፤ ማቀዝቀዣቸው የሮን ውሃ ነው። ወንዙ ሲሞቅ ወይም ሲቀንስ ማመንጫዎቹ ሥራ ይቀንሳሉ፤ የሞቀ ውሃ መልሰው ሲለቁ ዓሣው እንዳይሞት የተቀመጠ ገደብ አለ። በ2022 ሙቀቱ ስለበረታ ለአንዳንዶቹ ገደቡ ለጊዜው እንዲላላ ተፈቅዶላቸዋል። ከዚህም ሌላ መስኖ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የጭነት ጀልባና የፈረንሳይ የውሃ ኤሌክትሪክ አንድ ትልቅ ድርሻ እዚሁ ወንዝ ላይ ነው።

ስለዚህ በደረቅ ነሐሴ ጄኔቭ ምን ያህል ትለቃለች የሚለው የሁለት አገር ጉዳይ ሆነ። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት በልማድ ነበር። ከዓመታት ድርድር በኋላ በ2025 ሁለቱ መንግሥታት ስለ ሐይቁና ስለ ሮን ውሃ ስምምነት ተፈራረሙ። የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ወሬ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ እዚህ ግን የላይኛው አገር ያለው የሐይቅ በር ነው።

ግግሩ ካለቀ ወንዙ ይደርቃል?

አይደርቅም። ዝናብ ይዘንባል፣ በብርድም በረዶ ይወርዳል። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው።

የስዊዘርላንድ ግግሮች በ2022 እና በ2023 ብቻ ከነበራቸው በረዶ አሥር በመቶውን አጥተዋል። በሁለት ዓመት! የሮን ግግር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግሌች የሚባለው ሜዳ ድረስ ይወርድ ነበር። አሁን ገደሉ ላይ ሸሽቷል፤ ከፊቱ ሐይቅ ተፈጥሯል። ለጎብኚ የሚፈለፈለውን ዋሻ ለማትረፍ በሙቀት ወራት ነጭ ጨርቅ ሲያለብሱት ኖረዋል። አጠገቡ ያለው በ1882 የተከፈተው ቤልቬዴር ሆቴል በ2015 ተዘግቷል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ግግር በፍጥነት ሲቀልጥ ወንዙ መጀመሪያ ላይ ይጨምራል። የአያት እህል እያወጣ የሚሸጥ ቤት ለጊዜው ሀብታም እንደሚመስለው ነው። ከዚያ አንድ ጫፍ ይደርሳል፤ ግግሩ ትንሽ ስለሚቀር የሚሰጠውም ያንሳል። ያኔ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወንዙ ይሞላል፤ የዓመቱ በረዶ ቶሎ ይቀልጣልና። ነሐሴ ላይ ግን ይሳሳል። አፕሪኮቱም፣ ሪአክተሩም ውሃ በጣም የሚፈልጉት ደግሞ ያኔ ነው።

ግግር ሲሸሽ ተራራውም ይለቃል። በረዶ የያዘው ድንጋይ መያዣ ያጣል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ እንደ ብረት ቀዝቅዞ የኖረው አለትም ይላላል። የብላተኑ ናዳ መንስኤ ሙሉ በሙሉ ይኸው ነው ለማለት ባለሙያዎቹ ይጠነቀቃሉ። ተራራ ድሮም ይናዳልና።

አሁን ከዜርማት በላይ ጎርነርሊ የሚባል አዲስ ግድብ ታቅዷል። ቦታው ጎርነር ግግር ሲሸሽ ለቆት የሄደው ሸለቆ ነው። ለኤሌክትሪክ፣ ለመስኖ፣ ዜርማትንም ከጎርፍ ለመጠበቅ ይሆናል ይላሉ የሚደግፉት። የሚቃወሙት ሰው ያልነካው የመጨረሻው የተራራ ጥግ ነው ይላሉ። ግንባታው ገና አልተጀመረም።